ፉርኖ ውስጥ ያደረው ሞተር

ፍርሃቴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የማወራው ነገር አይገባችሁም። እኔ ነፋስ ቆርቆሮ ባንኳኳ ቁጥር "ማነው?" የምል ሴት ነበርሁ። በር ቆልፌ እሄድና ከመንገድ ተመልሼ መቆለፉን አያለሁ። ዳቦ ፉርኖ ውስጥ ከትቼ አላርፍም፤ አሁንም አሁንም በሩን ከፍቼ እመለከተዋለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ "ጥሩነሽ፣ ዳቦው የትም አይሸሽሽም" እያለ ይስቅብኝ ነበር። እሱ የመንገድ ሥራ ግንበኛ ነበር። ፉርኖውን በጡብና በጭቃ የገነባልኝ፣ በሩንም ከበርሜል ክዳን ቆርጦ የገጠመልኝ እሱ ነው። ካረፈ በኋላ በዚያው ፉርኖ ደባርቅ ላይ ዳቦ እየጋገርሁ፣ ሊማሊሞን ለሚወርዱና ሊማሊሞን ወጥተው ለሚደርሱ ሾፌሮች እየሸጥሁ አንድ ልጄን አሳደግሁ።

ልጄ ታደለ ይባላል። ዳባት ተማረ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ ከዚያ መንግሥት ሩሲያ ላከው። እኔ ያቆምሁት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ደብዳቤውን ራሴ አነበዋለሁ፤ የሚማረው ነገር ግን በደብዳቤ የሚገባኝ አልሆነም። አንድ ጊዜ "ማግኔት ነው፣ እማዬ" ብሎ ጻፈልኝ። እኔ የማውቀው ማግኔት ልብስ ሰፊው የወደቀ መርፌ የሚለቅምበትን ነው። ለዚህ ሩሲያ ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ ብዬ በልቤ ያዝሁት።

ለክረምት ዕረፍት የመጣበት ዓመት ደግሞ ክፉ ወሬ የተሰማበት ነበር። ሩሲያ ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተቃጥሎ ጨረር ተበተነ ሲሉ ሾፌሮቹ ዳቦ እየበሉ አወሩ። የማይታይ፣ የማይሸት፣ ሰውን ከውስጥ የሚበላ ነገር ነው አሉ። እሱ ከዚያ ቦታ በጣም ሩቅ መሆኑን ጽፎልኝ ነበር። ለእኔ ግን ሩሲያ ሁሉ አንድ ግቢ ነው። ልጄ ከአውቶቡስ ሲወርድ ከመሳሜ በፊት ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ ቆዳውን መረመርሁ።

ቤት እንደገባን ሻንጣውን ከፈትሁ። ይህም ልማዴ ነው፤ ሲመጣም ሲሄድም እፈትሸዋለሁ። ሹራብ ውስጥ ተጠቅልለው ሁለት ትልልቅ ማሰሮ መሳይ ጠርሙሶች አገኘሁ፤ በአንዱ እንደ ማር የወፈረ ነገር፣ በሌላው ነጭ ዱቄት። ከሥራቸው ደግሞ የሐኪም ፋሻ የመሰለ ነጭ ጥብጣብ። 

"ታመሃል?" አልሁት።

ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አልጋው ላይ ወደቀ። መድኃኒት አይደለም፣ ሙጫ ነው አለኝ። ዳባት ላሉት የድሮ መምህሮቹ ሥራውን ለማሳየት ያመጣው ነው። ከዚያ ፉርኖው አጠገብ አስቀምጦኝ ነገሩን እንደ ተረት አወራልኝ። እነሱ የሚሠሩት ማግኔት ቤት ያክላል። ውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ያ ሽቦ ከመጠን በላይ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ሳይደክምና ሳይሞቅ ይፈስበታል።

"ከቧሂት ተራራ ብርድ ይብሳል?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ቧሂት ከዚያ ጋር ሲተያይ ያንቺ ፉርኖ ነው።"

ሽቦዎቹ ኃይል ሲሞሉ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ እንደ ገበያ ግርግር። ቢነካኩ ይቃጠላሉ፣ ቢንቀሳቀሱም ጉድ ይፈላል። ስለዚህ በየመካከላቸው ከብርጭቆ ክር የተሠራው ጥብጣብ ይጠመጠማል፣ ጥብጣቡ ሙጫውን ይጠጣል፣ ከዚያ በሙቀት እንዲጠነክር ይደረጋል። "አንድ ላይ አስሮ ይይዛቸዋል፤ ግን አያነካካቸውም" አለኝ ሁለት እጁን አቆላልፎ እያሳየኝ። ችግሩ፣ በእነዚያ ማግኔቶች ዙሪያ ጨረር አለ። ሙጫ ጨረር ሲመታው ውሎ ሲያድር እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረፈራል፤ ድንገት ሙቀት ሲነሳም ይለሰልሳል። የታደለ ሥራ እንግዲህ ሙቀትም ጨረርም የማይረታው ሙጫ መፈለግ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጆሮዬ የያዘው አንዱን ቃል ብቻ ነው።

"ሙጫውን የሚያፈራርሰው ጨረር አንተንስ?" አልሁት።

ወፍራም ግንብ እንዳለ፣ እሱም ከግንቡ ወዲህ እንደሚሠራ ነገረኝ። ሰማሁት፤ አላመንሁትም። ይህ ልጅ ወደዚያ አይመለስም አልሁ በሆዴ። እንዴት እንደማስቀረው ግን አላወቅሁም።

በዚያው ሳምንት የደባርቅ ወፍጮ ተቃጠለ።

ወፍጮው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው። የከተማው ጄኔሬተር በሚሰጠው መብራት አንድ ትልቅ ሞተር ያዞረዋል። የወፍጮው ሠራተኛ ጋሽ ወርቅነህ ቅንድቡ ድረስ በዱቄት የነጣ፣ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ ነበር። ታደለ ሰላም ሊለው ገብቶ ሞተሩ ላይ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና "ጋሼ፣ ይህ ሞተር ታሟል፤ ያሳርፉት" ብሎት ወጣ። ጋሽ ወርቅነህ አላሳረፈውም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር። በሁለተኛው ቀን ሞተሩ ጨሰ፣ ሽቦው ነደደ፣ ቆመ። ወዲያው አንድ ሰው፣ የሩሲያው ተማሪ ሞተሩን ሲነካካ አይቻለሁ ብሎ ተናገረ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ልጄን አስጠራው፤ እኔም ተከትዬ ሄድሁ። ሊቀመንበሩን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ እሱን የምፈራውን ያህል እሱም ከበላዩ ያሉትን ይፈራ ነበር፤ ፈሪ ደግሞ ፈሪን ያስጨንቃል። ነገሩን ሳያጣምም ተናገረ። ሞተሩ ከተሠራ የታደለን የይለፍ ወረቀት ይፈርማል፤ ልጁም ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ካልተሠራ ግን፣ የሕዝብ ንብረት የተቃጠለው በአሻጥር ነው ብሎ ወደ ላይ ያስተላልፋል። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትባለው ቃል የገባችበት ቤት ሰው ይዛ ነው የምትወጣው።

ስንመለስ፣ "አልችልም ብለህ ተገላገል" አልሁት።

"እየቻልሁ?" አለኝ።

ጎንደር ያለው ጋራዥ አዲስ ሽቦ ሰጠ። ሽቦው ላይ የሚፈሰው ቫርኒሽ የሚሉት ማሸጊያ ቀለም ግን አልቋል፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቁ ተባለ። እስኪመጣ መጠበቅ ማለት ክረምቱም የልጄም ዕድል አለቀ ማለት ነው። ታደለ ሽቦውን ይዞ መጣና ተቀመጠ። መጀመሪያ ጠርሙሶቹን አየ። ቀጥሎ ዞር ብሎ ፉርኖዬን አየ። ያሰበው ገባኝ፤ ሽቦውን በሙጫው አጠጥቶ በእኔ ፉርኖ ሊጋግረው ነው።

ሞተሩን አራግፈው ሽቦ የሚጠመጠምበትን ቀፎ ቤቴ አመጡት። ታደለና ጋሽ ወርቅነህ ወለሉ ላይ ተቀምጠው የነደደውን ሽቦ አወጡ፣ አዲሱን በጥብጣቡ እየለዩ መጠምጠም ጀመሩ። ውጭው ጉም ነው። የደባርቅ የክረምት ጉም ሳይጋበዝ ይገባል፤ ከሰው ቀድሞ ምድጃ ዳር ይቀመጣል። ጋሽ ወርቅነህ "ዕድሜዬን ሙሉ ሴቶች ሲፈትሉ ስቄባቸው፣ ይኸው መዳብ አስፈተልኸኝ" እያለ ያጉረመርማል። ልጄ ይስቃል። እኔ ጓዳ ሆኜ ዱቄት እነፋለሁ፤ የነፋሁትን መልሼ እነፋለሁ።

የመጋገሪያው ቀን ጠዋት ባሕር ዛፍ ማገድሁ። ታደለ መጀመሪያ ቀፎውን ባዶውን ፉርኖ ውስጥ አስገብቶ እርጥበቱን አስወጣ። ከዚያ አወጣው። ማር መሳዩን ሙጫ አሙቆ ከዱቄቱ ጋር አዋሐደ፣ ሽቦው ጠጥቶ እስኪጠግብ ቀስ እያለ አፈሰሰበት። ሁለቱም ጎንበስ ብለው እዚያ ላይ ሳሉ እኔ እጄ የለመደውን ሠራሁ። ጋጋሪ ዳቦዋን አመድ ላይ አታሳርፍም። ከሊጡ በፊት እርጥብ ጆንያ በረጅም እንጨት ላይ አስራ የፉርኖውን ወለል ታብሳለች፤ እንፋሎቱም የዳቦውን ፊት ወዝ ይሰጠዋል። ጆንያውን ነከርሁ፣ ጥግ እስከ ጥግ አበስሁት። ፉርኖው ጮኸ፣ በእንፋሎት ተሞላ። ልቤ እንኳ ደስ አለው፤ ለልጄ ሞተር ንጹሕ ቦታ አዘጋጀሁለት።

ቀፎውን ከወዲህና ከወዲያ ይዘው መጡና ከፉርኖው አፍ ላይ ቆሙ።  እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ይመጣል።

"ምነው ጥሩነሽ" አለ ጋሽ ወርቅነህ በመጨረሻ፣ "ወዝ እንዲያወጣልን ነው?"

ታደለ ቀፎውን መልሶ አስቀመጠና ግንባሩን ያዘ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሙጫው ሳይጠነክር እንፋሎት ከገባበት ውስጡ አረፋ ይቋጥራል አለኝ። ኤሌክትሪክ ደግሞ ሾልኮ የሚያቃጥለው በዚያች አረፋ በኩል ነው። በእነሱ ትልቅ ማግኔት ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታክል አረፋ የብዙ ሰው ድካም ገደል ትከታለች። ሙጫው አንዴ ከዱቄቱ ጋር ከተዋሐደ ደግሞ አይለያይም፤ ሌላ ሙጫም የለም። ጆንያውን እንደያዝሁ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ልጄን በገዛ እጄ አሳሰርሁት አልሁ።

እሱ ግን ቀና ብሎ በበሩ ጉሙን ተመለከተ። "እማዬ፣ ይህ ሙጫ ለመጠንከር የሚቸኩለው ሲሞቅ ነው" አለኝ። "በዚህ ብርድ ይታገሰናል። ፉርኖውን እናድርቀው።"

ደባርቅ ላይ ተወልጄ አርጅቼ ብርዷን ያመሰገንሁት ያን ቀን ነው። ቀፎውን ጉም እንዳያገኘው በንጹሕ አንሶላ፣ በላዩም በብርድ ልብስ ሸፈንነው። ጋሽ ወርቅነህ "በርኖስስ አይደረብለትም?" አለ። የፉርኖውን በር ከፍተን ደረቅ እንጨት አነደድን፤ ጡቡ ላብ አውጥቶ፣ ላቡ ደርቆ፣ ነጭ እስኪሆን ድረስ። ታደለ ከዳባት ትምህርት ቤት በተዋሰው የሙቀት መለኪያ ደጋግሞ ለካና "ይበቃል" አለ። ቀፎው በቆርቆሮ ትሪ ላይ ሆኖ ገባ። በሩ ተዘጋ፤ ጠርዙንም በጭቃ መረግሁት።

ታደለ ሞተሩን የሚገጥሙበትን ቦታ ሊያጸዳ ከጋሽ ወርቅነህ ጋር ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ አደራ አለኝ። እሳቱን እስከ ማታ በዚሁ ልክ ልያዝ፤ ከዚያ ሳይከፈት ያድራል፣ ከፉርኖው ጋር ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል።

"ማንም እንዳይከፍት" አለኝ። "አንቺም ጭምር።"

ብቻዬን ቀረሁ። እጄ በራሱ ፈቃድ ወደ በሩ ይሄዳል። መለስ አደርገዋለሁ፤ ይሄዳል። በመጨረሻ በርጩማው ላይ እጄን ከሥሬ አድርጌ ተቀመጥሁበት። ከእጄ የባሰው ግን ሐሳቤ ነበር። ይህ ነገር ካልተሳካ ልጄ ይታሰራል። ከተሳካ ደግሞ ይለፉ ይፈረማል፤ ወደዚያ ጨረር ወዳለበት አገር ይሄዳል። እዚያ ጡብ ውስጥ የሚበስለው ምን እንዲሆንልኝ እንደምጸልይ አላወቅሁም። "አንተ ታውቃለህ" ብቻ አልሁ፤ እንጨት ጨመርሁ።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ሁለት የታጠቁ ሚሊሻዎች አስከትሎ መጣ። የሕዝብ ሞተር እንደ ዳቦ ተጋገረ የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶታል። እሱም ከላይ ተጠይቆ ኖሮ ፊቱ ከስሏል።

"እትየ ጥሩነሽ፣ ይክፈቱትና ልየው" አለኝ።

እኔ ባለሥልጣን ተቀመጪ ሲለኝ ቆሜ የምጠብቅ፣ ቁሚ ሲለኝ የምንቀጠቀጥ ሰው ነኝ። ተነሣሁ። እግሬ ወደ በሩ ሄደ፤ መክፈቻውን ብረት አነሣሁ። ጭቃው ላይ የገዛ ጣቶቼን ዱካ አየሁት። እንዴት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ዞርሁና ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁ።

"አይከፈትም" አልሁ።

ሚሊሻዎቹ ተያዩ። ሊቀመንበሩ የሰማውን ያላመነ መሰለ። እኔም አላመንሁም።

"የሕዝብ ንብረት ነው" አለ።

"አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር። አሁን ቢከፈት ብርዱ ይገባል፤ ልጄ ሙጫው ይሰነጠቃል ብሏል። ይክፈቱ ካሉኝ ብረቱ ይኸው፣ እርስዎ ይክፈቱት። ከተሰነጠቀ ግን ማን እንደከፈተው እነዚህ ሁለቱ ልጆች አይተዋል። ከላይ ሲጠየቁም ያዩትን ነው የሚናገሩት።" ብረቱን ዘረጋሁለት።

አንደኛው ሚሊሻ ጫማውን መመልከት ጀመረ። ሊቀመንበሩ ብረቱን አየ፣ በሩን አየ፣ እኔን አየ። እጁን አልዘረጋም። ያን ጊዜ ነው እንደኔው ፈሪ መሆኑ የጠቀመኝ።

"መቼ ነው የሚከፈተው?" አለ ቀስ ብሎ።

"ሲነጋ።"

"እንግዲያው ሲነጋ እመጣለሁ" አለና እንደ መሄድ ብሎ ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። ዳቦ ሰጠሁት፤ ለሚሊሻዎቹም ሰጠኋቸው። አራታችን የተዘጋውን ፉርኖ እያየን፣ ማንም ስለ ሞተር ሳያነሣ በላን።

ከሄዱ በኋላ በርጩማው ላይ ተመልሼ ተቀመጥሁ። አንድ ነገር የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው። ብረቱን ብሰጠውና ቢከፍተው፣ ጥፋቱም የእሱ ሆኖ ልጄም ጉዞው ተሰናክሎ ቤቴ ሊቀር ይችል ነበር። ስፈልገው የነበረው መንገድ በእጄ ገብቶ ነበር። እኔ ግን እንዳይከፍተው በልቤ ስለምነው ነበር። የመሄጃውን በር የጠበቅሁለት እኔው ነኝ።

ሲነጋ ሁሉም ተሰበሰበ። ታደለ ብረቱን ለእኔ ሰጠኝ። ጭቃውን ፈልፍዬ በሩን ሳነሣው ለብ ያለ የእጣን ያልሆነ፣ የዳቦም ያልሆነ ሽታ ወጣ። ቀፎው እንደ ጠጅ ቀልቶ ያብረቀርቃል። ታደለ በባትሪ ውስጡን ጥግ በጥግ አየው። ከዚያ በጥፍሩ ሲመታው እንደ ብርጭቆ ጠራ ያለ ድምፅ ሰጠ። ፈገግ ብሎ ሙጫውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

ወፍጮ ቤት ተገጠመ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ጋሽ ወርቅነህ ማብሪያውን ጫነ፣ ሞተሩ አጉረምርሞ ዞረ። ያን ጊዜ የከተማው ሰው ሁሉ አፍንጫ ሆነ። ሊቀመንበሩ ያሸታል፣ ሚሊሻው ያሸታል፣ እኔም አሸታለሁ። የሚቃጠል ነገር አልሸተተም። ጋሽ ወርቅነህ የመጀመሪያውን ገብስ ሲያፈስ ሞተሩ ከበደው፣ ድምፁ ወፈረ፤ ከዚያ ለመደውና ሄደ። ዱቄቱ ሲወርድ ጋሽ ወርቅነህ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ የልጄ ፀጉር ላይ በተነው። "አሁን የወፍጮ ቤት ሰው መሰልህ" አለው። ሊቀመንበሩ ይለፉን እዚያው፣ የዱቄት ሚዛኑ ላይ አስደግፎ ፈረመ።

ያ ሞተር ከጋሽ ወርቅነህ በላይ ኖረ። ታደለም ተመልሶ ትምህርቱን ጨረሰ፤ ዛሬም ሥራው ያው ሙጫ ነው፣ በጤና አለ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እናት የሆናችሁ፣ ፍርሃቷ ለቀቃት ብላችሁ እንዳታስቡ። ፍርሃት አብሮኝ ነው ያረጀው። የተለወጠው እጄ ነው። ልጅን በመጠበቅና ልጅን እንደ ፉርኖ አሁንም አሁንም በመክፈት መካከል ልዩነት መኖሩን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አንዳንድ ነገር የሚጠነክረው ስታዩት አይደለም፤ በሩን ዘግታችሁ እሳቱን ስትጠብቁለት ነው። ቀፎው የገባበት የቆርቆሮ ትሪ ላይ ያን ቀን የነጠበች አንዲት የሙጫ ጠብታ አለች። ጠጅ ትመስላለች። ቢላዋም አሸዋም አላስለቀቃትም፤ ዳቦ ሳልጋግርበት ግድግዳዬ ላይ ሰቅየዋለሁ። ደብዳቤ ሲዘገይብኝ ሄጄ በጣቴ እነካታለሁ።

የሄደበትን ቀን ዋዜማ ደግሞ አልረሳውም። ሻንጣው አልጋው ላይ ተዘግቶ ተቀምጦ ነበር። ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ቋጥሬ አመጣሁና ከጎኑ አስቀመጥሁ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ሻንጣው ቁልፍ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። ታደለ ከበሩ ሆኖ ያየኛል።

"አትፈትሺውም?" አለኝ።

"አንተ ነህ የዘጋኸው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው እንደተዘጋ ይደር" አልሁት።